ውኃውን ማን ይቀይርላቸዋል?

ዱባይ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ቪዲዮ ላከችልን። የእረፍት ቀኗ ነው። ዱባይ ሞል ውስጥ ካለው ትልቁ አኳሪየም ፊት ቆማለች። ከኋላዋ ሻርክ ያልፋል። የተዘረጋ ነጠላ የመሰለ ጠፍጣፋ ዓሣ ክንፉን እያርገበገበ ከራሷ በላይ ይንሳፈፋል። እኛ ደሴ፣ ቤታችን፣ ቡና ላይ ነበርን። ቶናው ቀርቧል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እናቴ ጋ ሲደርስ መነጽሯን አድርጋ ደጋግማ አየችው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ለመሆኑ ውኃውን ማን ይቀይርላቸዋል?»

ማናችንም መልስ አልነበረንም። እናቴ ያደገችው ሐይቅ ዳር ነው። የቆመ ውኃ ሲሰነብት ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ጥያቄው ከእኔም ጭንቅላት አልወጣ አለ። ይህን የምጽፈው ለእሷም፣ እንደ እሷ ለሚጠይቅ ሁሉም ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ መልስ፦ ማንም አይቀይርም። ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል እንጂ፣ ያ ሁሉ ውኃ በአንድ ቀን ተደፍቶ በሌላ አይተካም። ዱባይ ሞል ያለው ገንዳ 10 ሚሊዮን ሊትር ይይዛል። 20 ሺህ ሊትር የሚጭን ቦቴ ያንን ለመሙላት 500 ጊዜ መመላለስ አለበት። ስለዚህ ሥራው ያንኑ ውኃ ቀንና ሌሊት እያዞሩ በሕይወት ማቆየት ነው። ይህ ከገባን የቀረው ሁሉ ይገባናል፤ አዲስ ማሳያ ለመክፈት ለምን ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ዘር የማዳን ሥራው ከምን እንደሚነሳ፣ የራሳችን ሐይቅም ለምን እንደሚያሳስብ።

የማይታየው ቆሻሻ

ዓሣ የሚተነፍስበት፣ የሚበላበትና የሚጸዳዳበት ውኃ አንድ ነው። ከሰውነቱ የሚወጣው ዋናው ቆሻሻ አሞኒያ ይባላል። አብዛኛው የሚወጣው በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል ነው። አሞኒያን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሳይጠረግ ያደረ በረት ስትገቡ አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው። ውኃ ውስጥ ግን አይታይም። በብርጭቆ ብትቀዱት ጥርት ያለ ነው። የዓሣውን ስንጥብ ግን ያቃጥላል፤ ሲበዛም ይገድላል።

ይህን መጀመሪያ ያየሁት በቤቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለወንድሜ ልጅ ትንሽ የመስታወት ገንዳ ገዛንለት። ስድስት ወርቃማ ዓሣዎች አብረው መጡ። የቧንቧ ውኃ ሞላን፤ በዚያው ቀን ዓሣዎቹን ጨመርን። ልጁ በደስታ ጠዋትም ማታም ይመግባቸዋል። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ከውኃው ጫፍ አስጠግተው አየር ይጎርሳሉ። የስንጥባቸው ክዳን ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጠርዙ ቀልቷል። እኔ ውኃው የቆሸሸ መስሎኝ በሙሉ ደፋሁት። የማጣሪያዋን ስፖንጅም በቧንቧ ውኃ ጥርት አድርጌ አጥቤ መለስኳት። በሰባተኛው ቀን አንድም አልተረፈም። ልጁ ከእኔ ጋር ለብዙ ቀን አላወራም።

በኋላ ሳጠያይቅና ሳነብ ጥፋቱ ገባኝ። አሞኒያውን የሚያጠፋው ስፖንጁ አይደለም፤ ስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ዓይነት አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላው ዓይነት ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት እጅግ ካልበዛ ዓሣን አይጎዳም። የውኃ ተክሎች ይመገቡታል፤ የተረፈው አልፎ አልፎ ከሚቀነሰው ውኃ ጋር ይወጣል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች እንደ እርሾ ናቸው። ጊዜ ይፈልጋሉ። አዲስ ገንዳ ውስጥ ተራብተው እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። እኔ ዓሣዎቹን ያስገባሁት ሊጡ ሳይቦካ ነው። በዚያ ላይ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን የሚጨመረው ደግሞ ባክቴሪያ እንዲገድል ነው። ስፖንጇን ሳጥብ በቅለው የነበሩትን ጥቂቶችም ጨረስኳቸው።

ትልልቅ አኳሪየሞች አዲስ ገንዳ ሲያዘጋጁ ከሚሠራ አሮጌ ማጣሪያ ላይ አሸዋና ጠጠር ያመጣሉ። እናቴ ከቡሃቃው እርሾ አስቀርታ ለሚቀጥለው ሊጥ እንደምታደርገው ማለት ነው። ይህን ስነግራት ወዲያው ገባት። ናይትራይቱን እንኳ ሳልጨርስ።

በትልቁ ገንዳ ከባክቴሪያው ሌላም ረዳት አለ። ውኃው በአሸዋ ውስጥ ያልፋል፤ ደቃቁ ነገር እዚያ ይቀራል። በረጅም ቱቦ ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋ ይነፋበታል፤ ቅባትና የምግብ ትራፊ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ወጥቶ ይገፈፋል፣ ሥጋ ሲቀቀል አረፋው እንደሚገፈፈው። በኦዞን ወይም በልዩ ብርሃን በሽታ አምጪው ይገደላል። ከዚያ ይቀዘቅዛል ወይም ይሞቃል፤ ተመልሶም ይገባል። ጎብኚው መስታወቱን ያያል። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ግን ፓምፕ፣ ቧንቧና የውኃ መመርመሪያ ክፍል ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ካልተነሳ ዓሣው የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው።

ከባሕር የራቀ ሰው ባሕር ሲሠራ

ባሕሩ አጠገብ ያለ አኳሪየም ዕድለኛ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም በ1984 የተከፈተው የሰርዲን ማሸጊያ ፋብሪካ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ውኃውን በቀጥታ ከደጁ ይስባል። ቀን ቀን እንግዳ ስለሚመጣ አጣርቶ ያስገባል። ማታ ግን ሳያጣራ ይለቀዋል። ያልተጣራው ውኃ ለዓይን ደብዛዛ ነው፤ ለገንዳው ነዋሪዎች ግን ምግብ ነው። በዓይን የማይታዩ የባሕር እጮች አብረው ይገቡና ድንጋዩ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ማንም ያልዘራው ነገር በራሱ ይበቅላል። ስለ አኳሪየም ካነበብኩት ሁሉ ይሄ ነው ደስ ያለኝ።

እንደ እኛ ከባሕር የራቀስ? ቺካጎ ከባሕር ሩቅ ናት። ሼድ አኳሪየም በ1930 ሲከፈት የባሕሩን ውኃ ከፍሎሪዳ ጫፍ ከኪ ዌስት በባቡር ነው ያመጡት። 20 የባቡር ቦቴዎች 8 ጊዜ ተመላልሰዋል፤ በጠቅላላው ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ። አሁን ይህን የሚያደርግ የለም ማለት ይቻላል። ጨዉን በከረጢት ያመጡና እዚያው ከንጹሕ ውኃ ጋር ይበጠብጡታል።

ታዲያ ባቲ ገበያ የሚወጣውን የአፋር ጨው በጥብጦ ሻርክ ማኖር ይቻላል? አይቻልም። አሞሌ ከሞላ ጎደል ለወጥ የምንጨምረው ያው ጨው ነው። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶ ገደማው የወጥ ጨው የሚሠራባቸው ሁለቱ ንጥረ ነገሮች ናቸው። የቀረው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ኮራል አጥንቱን የሚገነባው ከካልሲየሙ ነው። ያቺ 15 በመቶ ከሌለች ባሕር አይሆንም። ብዛቱንም እዩት፤ 10 ሚሊዮን ሊትር የባሕር ውኃ 350 ቶን ጨው ይዟል። 3,500 ኩንታል!

ስለ መስታወቱ ብዙ አልልም። እንዲያውም መስታወት አይደለም፤ አክሪሊክ የሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። የዱባዩ ወደ 33 ሜትር የሚጠጋ ስፋት፣ ከ8 ሜትር በላይ ቁመትና 75 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ያን ያህል የወፈረ መስታወት አረንጓዴ ይሆንና ውስጡን አያሳይም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ግድግዳውን የሚገፋው የውኃው ብዛት ሳይሆን የውኃው ጥልቀት ነው። በ8 ሜትር ጥልቀት እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 8 ቶን ያርፋል፤ 80 ኩንታል ጤፍ እንደ መደገፍ ነው። ይህ ሲሳት የሚሆነውን በርሊን አይታለች። በታኅሣሥ 2022 አንድ ሆቴል ውስጥ የነበረው አኳዶም የተባለ ግዙፍ ሲሊንደር ንጋት ላይ ፈነዳ። 1 ሚሊዮን ሊትር ውኃ እስከ መንገድ ፈሰሰ። ከ1,500 ያህል ዓሣዎች አብዛኞቹ ሞቱ። ሰዓቱ ማለዳ ባይሆን ኖሮ የሰው ሕይወትም ይጠፋ ነበር።

አዲስ ማሳያ ለምን ዓመታት ይፈጃል?

«አዲስ ማሳያ ተከፈተ» የሚል ማስታወቂያ ስናይ ዓሣ ገዝተው ገንዳ ውስጥ የጨመሩ ይመስለናል። ሥራው የሚጀምረው ግን «ይህ እንስሳ የሚኖርበትን ውኃ መሥራት እንችላለን ወይ?» ከሚል ጥያቄ ነው።

ሞንተሬይ በ2022 የጥልቅ ባሕር እንስሳት ማሳያ ከፈተ። እነዚህ እንስሳት የሚኖሩት ፀሐይ በማይደርስበት፣ በሚቀዘቅዝና ኦክስጅኑ በጣም ባነሰበት ውኃ ነው። በሁሉም አኳሪየም የሚታገሉት ኦክስጅን ለመጨመር ነው። እዚያ ግን ከውኃው ኦክስጅን የሚቀንስ መሣሪያ ነው የሠሩት። ለእኛ ንጹሕ የሚባለው ውኃ ለእነሱ አይስማማም። መብራቱም እንደ ጨለማ የደበዘዘ ነው፤ ሰው እንዲያይ ያህል ብቻ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ክረምት አይሠራም።

እንስሳው ሲመጣም በቀጥታ ለእይታ አይወጣም። ለብቻው ተለይቶ ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወር ያህል። ጥገኛ ትል፣ የቆዳ በሽታ፣ ምግብ አለመልመድ ሁሉ የሚታየው እዚያ ነው። አንድ የታመመ ዓሣ በቀጥታ ቢገባ ገንዳውን በሙሉ ሊበክል ይችላል። አዲስ በግ ገዝቶ ከመንጋው ሳይቀላቅል ለብቻው የሚያስር ገበሬ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ለጎብኚ የሚዘጋጁት ዝግጅቶች የተለመዱ ናቸው። ጠላቂ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ሲመግብ ማየት፣ ልጆች በገንዳው ፊት የሚያድሩበት ሌሊት፣ የትምህርት ቤት ጉብኝት፣ ሰኔ 8 ቀን የሚከበረው የዓለም ውቅያኖሶች ቀን (ይሄም በፈረንጆቹ)። ገቢውም ከዚሁ ነው። ከጀርባ ያለውን ሥራ የሚከፍለው የትኬቱ ገንዘብ ስለሆነ አልንቃቸውም።

ዘር ማዳን

እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚቆመው። ነገሩ ዓሣ የማሳየት ንግድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ከአፍሪካችን ልጀምር። በ1997 አንዲት ትንሽ የባሕር ኤሊ በዓሣ አስጋሪዎች እጅ ገባች። ኬፕ ታውን ወዳለው ቱ ኦሽንስ አኳሪየም መጣች። ዮሺ አሏት። 20 ዓመት ኖረች፤ አደገች፤ ከ180 ኪሎ በላይ ሆነች። በ2017 መጨረሻ፣ በዋና ስፖርት ተዘጋጅታ፣ ጀርባዋ ላይ ከሳተላይት ጋር የሚነጋገር መሣሪያ ተለጥፎላት ተለቀቀች። ከሰው እጅ ስትበላ የኖረች ኤሊ ትችላለች ወይ የሚለው ስጋት ነበር። ዮሺ መጀመሪያ በአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ወደ ላይ ወጣች፤ ተመለሰች፤ ከዚያ የህንድን ውቅያኖስ ሙሉውን አቋርጣ አውስትራሊያ ደረሰች። በ2 ዓመት ከ2 ወር ገደማ ውስጥ ከ37 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ዋኘች።

ሞንተሬይ ደግሞ እናቱን ያጣ የባሕር ኦተር ግልገል ያሳድጋል። ኦተር ፀጉራም የባሕር እንስሳ ነው፤ በጀርባው ተኝቶ ዛጎል በድንጋይ እየሰበረ የሚበላ። ግልገሉን የሚመግቡት ሠራተኞች ጥቁር ካባ ለብሰው፣ ፊታቸውን በጭምብል ሸፍነው ነው የሚቀርቡት። ሰው መሆናቸውን እንዳያውቅ። ሰው የለመደ ኦተር ባሕር ሲገባ ጀልባ እየተጠጋ ይጎዳል። ከዚያ ለአሳዳጊ እናት ይሰጣል፤ ራሷ ወደ ባሕር መመለስ የማትችል ሴት ኦተር ታሳድገዋለች፤ መጥለቅና ሸርጣን መያዝ ታስተምረዋለች። እንዲህ ያደጉት ኤልክሆርን ስሉ በሚባል የባሕር ገብ ውኃ ተለቀቁ። በ2019 የወጣ ጥናት በዚያ ቦታ ለ14 ዓመታት ከታየው የኦተር ቁጥር ጭማሪ ከግማሽ በላይ የሆነው ከእነሱና ከልጆቻቸው የመጣ መሆኑን አሳይቷል።

ለእኛ ለወሎዎች የሚቀርበው ግን ጨው በሌለው ውኃ የሚኖር ዓሣ ነገር ነው። ማዳጋስካር ውስጥ ማንጋራሃራ የሚባል ወንዝ ነበር። በዚያ ወንዝ ብቻ የሚኖር፣ ከእኛው ቆሮሶ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ዓሣ ነበር። ወንዙ በግድብ ተከትሮ ደረቀ። በ2013 ለንደን የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የቀሩት ሁለት ወንዶች ነበሩ። ሴት የለችም። ጠባቂዎቹ «ሴት ያላችሁ እባካችሁ» ብለው ለዓለም ሁሉ ጥሪ አሰሙ። ጥሪው ማዳጋስካር ያለ አንድ ሰው ጆሮ ደረሰ። በዚያው ዓመት የፍለጋ ቡድን ወጥቶ ከዋናው ወንዝ በተቆረጠ ውኃ ውስጥ 18 ዓሣዎች አገኘ። ተወስደው መራባት ጀመሩ።

ሜክሲኮ ውስጥም በቴውቺትላን ምንጭ ብቻ የምትገኝ፣ ከጣት የማትበልጥ «ተኪላ» የምትባል ዓሣ ነበረች። ከምንጩ ጠፋች። በ1998 ከእንግሊዝ የመጡ 5 ጥንድ ዓሣዎች በአንድ የሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ተባዙ፤ የቼስተር የእንስሳት ማቆያ ረዳቸው። ዝም ብለው ግን አልለቀቋቸውም። መጀመሪያ ሰው ሠራሽ ኩሬ ውስጥ ከአዳኝና ከጥገኛ ትል ጋር አለማመዷቸው። ከዚያ 1,500 ያህሉ ወደ ምንጩ ተመለሱ። የአካባቢው ሕዝብ ምንጩን አጸዳ፤ ውኃውንም አብሮ ይመረምር ነበር። ዛሬ ዓሣዋ እዚያው ትራባለች። ልብ በሉ፤ ገንዳው ያቆያት ዘሯን ነው። የመለሳት ግን ምንጩ መጽዳቱ ነው።

ሁሉም እንስሳ ለገንዳ አይሆንም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሞንተሬይ በ2004 አንዲት ታላቅ ነጭ ሻርክ ለ198 ቀን አቆይቶ መልሶ ለቋታል። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚዋኝ እንስሳ ግድግዳ ውስጥ ዕድሜውን እንዲጨርስ ማድረግ በእኔ እምነት ልክ አይደለም። ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ ለጭብጨባ ማዘለልም እንደዚያው። ትንሿ ተኪላ ግን ሌላ ነገር ናት። ለእሷ ገንዳው መጠለያ ነበር።

መውጫ የሌለው ገንዳ

አሁን ወደ እናቴ አገር።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ውኃውም ሐይቅ፣ ከተማውም ሐይቅ ይባላል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ነው። ገዳሙ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል። ውኃው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርድ ወንዝ ይገባበታል። ከተራራው ጎርፍ ይገባበታል። በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም።

ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ። ውኃው በዋናነት የሚቀንሰው በትነት ነው። ሲተን ደግሞ የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው። ይዞት የገባው አፈር፣ ማዳበሪያ፣ የልብስ ሳሙናና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ዱባይ ያለው ገንዳ እንኳ ማጣሪያ አለው፤ ትንሽም ቢሆን ውኃው ይቀነስለታል። ሐይቅ ያለው ማጣሪያ ዳር ዳሩን የሚበቅለው ፊላ፣ በጭቃው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችና ጊዜ ናቸው። ፊላው ተነቅሎ እስከ ውኃው ጫፍ ሲታረስ እኔ ስፖንጇን በቧንቧ ውኃ እንዳጠብኳት ማለት ነው።

ማዳበሪያው ውኃ ውስጥ ሲገባ ማዳበሪያነቱን አይተውም። አልጌን ያሳድጋል። ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። አልጌው ሲሞት ወደ ታች ይሰምጥና ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። እንደ ሐይቅ ባለ ጥልቅ ውኃ ላይኛው ሞቃት፣ ታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ እንደ ድርብ ጋቢ ተነባብሮ ይቀመጣል። ታችኛው አየር አያገኝም። ብርዱ ሲበረታና ነፋስ ሲነፍስ ላይኛው ይቀዘቅዝና ይሰምጣል፤ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ያ ኦክስጅን የሌለው የታች ውኃ ወደ ላይ ሲወጣ ዓሣዎች አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው አየር ይጎርሳሉ። የወንድሜ ልጅ ዓሣዎች እንዳደረጉት። ሲብስ በአንድ ሌሊት በብዛት ይሞታሉ። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። በ2,000 ሜትር አካባቢ አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። የእኛ ዓሣዎች ሲጀመርም በቁጠባ ነው የሚተነፍሱት።

ሌላም ታሪክ አለ። ቆሮሶ የሐይቅ ተወላጅ አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው ለምግብ ተብሎ የገባው። ተስማማው፤ ተራባ። ዛሬ የብዙ አስጋሪ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን በሚጥሚጣ የምንበላውም እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ተመራማሪዎች ውኃው ከቀድሞው ይልቅ አረንጓዴ መሆኑን መዝግበዋል። አንዱ ማብራሪያ አልጌን የሚግጡ ጥቃቅን የውኃ ነፍሳትን ዓሣው፣ በተለይ ገና ጫጩት ሳለ፣ ይበላቸዋል የሚል ነው። ጋጩ ሲቀንስ ሣሩ ይበዛል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ከዚህ የከፋ ደርሷል። በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የተባለ ትልቅ አዳኝ ዓሣ ገባ። በመቶ የሚቆጠሩ የዚያ ሐይቅ ብቻ የሆኑ ትንንሽ ዓሣዎች ተመናመኑ፤ ብዙዎቹም ጠፉ። የተወሰኑት ዘራቸው የተረፈው በአሜሪካና በአውሮፓ አኳሪየሞች ውስጥ ነው። የአፍሪካ ዓሣ፣ ከአፍሪካ ውጪ።

ለዚህ ነው አንድ ምኞት ያለኝ። ሐይቅ ከተማ ላይ ትንሽ አኳሪየም። ሻርክ አልፈልግም። የባሕር ጨውም አያስፈልግም። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ከገባር ወንዞች የሚገኙ ትንንሽ ዓሣዎች። አንድ ገንዳ ፊላ የተተከለበት፣ አጠገቡ አንድ ፊላ የሌለው፤ ሁለቱም ላይ እኩል ጭቃ ውኃ እየገባ ልጆች ልዩነቱን በዓይናቸው የሚያዩበት። ከጣና የሚመጡ እንግዶችም ቢኖሩ ደስ ይለኛል። ጣና ውስጥ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ላቤዮባርበስ የተባለው ዓሣ 15 ያህል ዝርያዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ በዚያ ሰዓት ነው መረብ የሚጠብቃቸው። ደሴ ዩኒቨርሲቲ አላት። ውኃ የሚመረምር ተማሪ አይጠፋም። የኦክስጅኑ ልክ በየቀኑ በር ላይ ቢለጠፍ የከተማው ሰው እንደ ገበያ ዋጋ ያነበዋል።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ይዤ ወረድኩ። የዱባዩን መልስ መኪና ውስጥ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ዳር ስንደርስ አንድ አስጋሪ መረቡን ታንኳው ውስጥ እያራገፈ ነበር። አንዲት መካከለኛ ቆሮሶ አንስቶ ከመረቡ ሊያላቅቅ ሲል አፏን ከፈተች። ከአፏ ውስጥ ጫጩቶች ፈሰሱ። ከስንዴ ቅንጣት ብዙም አይበልጡም፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ነው የምትይዘው። ሁለት ሳምንት ያህል፣ ያለ ምግብ ማለት ይቻላል።

«አራስ ናት» አለ አስጋሪው፤ ለእናቴ ነው የተናገረው። «እሷን እንለቃታለን እማማ።»

ዓሣዋን በቀስታ ውኃው ውስጥ አስገባት። ከዚያ በርከክ ብሎ፣ ታንኳው ወለል ላይ በተጠራቀመው ውኃ ውስጥ የሚርመሰመሱትን ጫጩቶች በጣሳ እየቀዳ ወደ ሐይቁ መለሳቸው። ሦስት ጊዜ ቀዳ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች፤ የቀረ ካለ እያየች።